ገበር ውስጥ የተሰፋችው ሽጉጥ

በዚያ ሰፈር ሽጉጥ መያዝ የጀመረው ደላላው ነው። ቤት አከራይቶ፣ መሬት አሻሽጦ፣ ሰው ከሰው አጋጭቶ ሲያበቃ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ጠላት በዛብኝ» አለ። ጠላት እንደሌለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢኖረው ኖሮ ለሌላ ሰው አሻሽጦት ነበር። ያም ሆኖ ፈቃድ አወጣና መዳፍ የምታክል ጥቁር ሽጉጥ ገዛ። አንዴ ካቀባበሏት በኋላ ቃታዋ በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሷ ትጎርሳለች። ሻጩ «ይቺ ለኪስ የተሠራች ናት» አለው። የኪስ ነገር ከተነሳ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የሚኬደው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊው ጋ።

ልብስ ሰፊውን ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ነው። ገና ክር መሳብ በተማረ በወሩ የአጎቱን ስፌት በማስመሪያ ለክቶ፣ «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ሁለት ሚሊሜትር ስተሃል» ቢለው፣ አጎትየው ማስመሪያውን ነጥቆ አናቱን አለውና «አንተ ሚሊሜትር!» ብሎ ሰደበው። እብጠቱ በሦስተኛው ቀን ጠፋ፤ ስሙ ቀረ።

ዛሬ ሃምሳን አልፏል። ሱቁ ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያወራበት ክፍል ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አለው፤ ከእሱ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ከእሱ ያነሰ ታወራለች። ጠመኔዎቹን በሰርዲን ቆርቆሮ ያስቀምጣል። መስተዋቱ መሃሉ ላይ ስለተሰነጠቀ ሰውን ሁሉ አቅጥኖ ያሳያል፤ ደንበኞቹ ሌላ መስተዋት እንዳይገዛ አስምለውታል። ከበስተኋላ ባለው ብረት ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው አሠርተው የቀሩባቸው አሥራ አንድ ኮቶች ተሰቅለዋል። «ሽጣቸው» ሲሉት «ይመጣሉ፤ ዘግይተው ነው እንጂ ይመጣሉ» ይላል።

ደላላው ታዲያ አዲሷን ሽጉጥ ይዞ ገባና በሩን ዘጋ።

«እንዳትታይ አድርገህ ኪስ ስፋልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ግን ደግሞ እንድትታወቅ።»

«ምኗ?»

«እንዳለችኝ ነዋ!»

«ታዲያ ጋሼ፣ ኪሱን ተወውና ጀርባህ ላይ በጥልፍ ልጻፍልህ።»

ደላላው አልሳቀም። ሽጉጥ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ምልክቱ ይሄ ነው፤ ሳቁን ሱቁ ውስጥ ረስቶ ይመለሳል።

ከእሱ በኋላ ብሎኬት ነጋዴው ገዛ፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። ሁሉም ያችኑ ዓይነት፣ ያችኑ ቀለም። ሁሉም ሚሊሜትር ጋ መጡ፤ ሚሊሜትርም የእያንዳንዳቸውን ጉድ እንደ ደረት ልካቸው አወቀ። ሰው ልብስ ሰፊ ፊት ሆዱን ስቦ ይቆይና ትንፋሹን ሲለቅ ያለ የሌለውን ይዘረግፋል። የደላላው ሽጉጥ ጎኗ ላይ ያለችው ቁልፍ በቦርጩ ስትጫን ጥይት የያዘው ካዝና ራሱን ችሎ ይወርዳል፤ የዕድር ስብሰባ መሃል በሱሪው እግር ተንሸራቶ ጫማው ላይ አርፎበታል። «መነጽሬ ነው» አለ። መነጽር አድርጎ አያውቅም። ብሎኬት ነጋዴው ሽጉጧን ላብ አዛገበትና በምግብ ዘይት ወለወላት፤ ዘይቱ ከሲሚንቶው አቧራ ጋር ተቦክቶ ሽጉጧ እንደ ማስቲካ ተጣበቀች። ዳይሬክተሩ ጭራሽ ማቀባበል አቃተው። ሽጉጥ ሲያንስ ውስጡ ያለው ሞላ ይጠነክራል ይባላል፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ለመሳብ ብርቱ ክንድ ይፈልጋል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ በሕይወቱ ከጠመኔ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። የምታቀባብልለት ሚስቱ ናት። ሌባ ከመጣ መጀመሪያ እሷ ትቀሰቀሳለች ማለት ነው።

ሚሊሜትር ይህን ሁሉ ማታ ማታ ለሚስቱ እያወራ ትራሱን እስኪነክስ ይስቅ ነበር። ታዲያ እንዲህ ስቆባቸው ሲያበቃ ራሱስ ምን ነክቶት ገዛ? ነገሩ የፀጉር ቤት ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ተራው ደርሶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ ተቀምጦ ሳለ ብሎኬት ነጋዴው ገባ። ጃኬቱን ሲሰቅለው ብረቷ ግድግዳውን ጓ! አደረገችው። ፀጉር ቆራጩ ዞር አለና፣ «ጋሼ! ይምጡ ይምጡ፣ ወንበሩ ይኸው!» ብሎ ፎጣውን ከሚሊሜትር አንገት ፈታው። ሚሊሜትር አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ጃኬቱን አየው። ያቺን ኪስ የሰፋት እሱ ነው። በገዛ ኪሱ ነው የተገፋው። በዚያ ላይ ያቺ ሽጉጥ በዘይት ተጣብቃ ከግድግዳው በቀር ማንንም እንደማትመታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የፈቃድ ማመልከቻው ላይ «ለንብረት ጥበቃ» ብሎ ጻፈ። ንብረቱ ከላይ የተዘረዘረው ነው። የሰርዲን ቆርቆሮዋ ሳትረሳ።

ፈቃዱ ወጥቶ ሽጉጧን ሲገዛ፣ ተኩስ ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ አምስት ጥይት ተሰጠው። እስከዚያ ቀን ሚሊሜትር የተኮሰው ሱሪ ብቻ ነበር። እጀታዋ አጭር ስለሆነች ትንሿ ጣቱ መያዣ አጥታ አየር ላይ ቀረች። ከአምስቱ አንዷ ሰሌዳ መታች፤ ሰሌዳው ግን የጎረቤቱ ነበር። ጎረቤቱ አመሰገነው። በመጨረሻዋ ጥይት የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለችውን ሥጋ ዘነጠላት። ሽጉጧ በዕድሜዋ ሙሉ ያቆሰለችው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሚስቱ ደግሞ ነርስ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ማሸጊያ ክፍል ሠርታለች። ማታ እጁን ስታይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የመኪናዋ መርፌ ወጋኝ።»

እጁን ወደ መብራቱ አዞረችው። «መርፌ ይወጋል። ይሄ ነክሶሃል። ጥርስ ያለው ምን ነክተህ ነው?»

እጁን ከእጇ ሊያስለቅቅ ታገለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቁስል አሽጌ ብቻ አልኖርኩም፤ ቁስል ያወራኛል። ትናገራለህ ወይስ እሱን ላናግረው?» ብላ የአልኮሉን ጠርሙስ ከፈተች።

«ኧረ ተይ! ሽጉጥ ነው! ሽጉጥ ነው!»

ገና ሳታፈስበት ነው የተናዘዘው። ጠላት ከያዘው ሰፈሩን ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል።

አልጮኸችም። ጠርሙሱን ከደነችና እንዲህ አለች፦ «ስማኝ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሥጋ ስሰፋ ነው የምውለው። ባለፈው ሳምንት የመጣው ሰውዬ ሌባ አልመታውም፤ ሽጉጡን ሲወለውል ራሱን ጭኑ ላይ መታ። አንተ ጨርቅህን ስፋ። ይሄ ነገር ቤቴም ይሁን ሱቅህ ካለ፣ ሻንጣዬን ይዤ እህቴ ጋ ነኝ። ያኔ ጎንህን ሲወጋህ ሽጉጥህ ትሽህ።»

«ነገውኑ እመልሳታለሁ» አለ። በማግሥቱ ማታ «መለስኳት» አለ። እሷም አመነችው። ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ያወራት ሴት፣ ባልዋ ሲያወራ አመነችው።

አልመለሳትም። ከአሥራ አንዱ ኮቶች አንዱን መረጠ፤ የጡረተኛውን የሒሳብ መምህር ወፍራም ግራጫ ኮት። መምህሩ ሚሊሜትርን ክፍልፋይ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ገበሩን እንዲቀይርላቸው ሰጥተውት፣ ሩቅ ከተማ ያለች ልጃቸው ጋ ሄደው ቀሩ። ሁሉም ይመጣሉ ብሎ የሚምለው ሰውዬ፣ ለሽጉጡ ሲሆን ግን እሳቸው አይመጡም ብሎ ወሰነ። ገበሩን ፈታና ሽጉጧን በግራ ደረት በኩል ከተታት። ኮቱ ወደ ግራ አዘመመ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ያበቃ ነበር። ሚሊሜትር ግን ያዘመመ ኮት እያየ ማደር አይችልም። ካዝናውን ከነጥይቱ አወጣና በቀኝ በኩል ከተተው። ግራው አሁንም ስላመዘነ ቀኙ ላይ የተሰበረ የመቀስ ስለት ጨመረበት። ኮቱ ቀጥ አለ። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ዓይን በማያየው ስውር ስፌት ዘጋው፤ ሠላሳ ስምንት ስፌት። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው።

ሌባ ቢመጣ እንግዲህ «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ፤ ግራውን ጨርሻለሁ፣ ቀኙ ነው የቀረኝ» ሊለው ነው። ይሄ ሰው ነው በደላላው ሲስቅ የነበረው።

ሁለት ወር ያህል ሰላም ሆነ። ጠዋት ሲገባ ኮቱን ዳበስ ያደርጋል፤ ማታ ሲወጣ ዳበስ ያደርጋል። ደረቱ ትንሽ ወጣ፣ ፀጉር ቤት ሲገባም ድምፁ ወፈረ። ግን ማንም ስለማያውቅ ማንም ወንበር አልለቀቀለትም። ሽጉጡን የገዛበትን ጥቅም እንኳ ሳያገኝ ነው የኖረው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ቁልፍና ዚፕ ሊገዛ ሲወጣ፣ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሚስቱ ሱቁን ተቀመጠችለት። ልክ ሲወጣ መምህሩ ከነባርኔጣቸው ገቡ።

«ልጄ፣ ሚሊሜትር የለም? ኮቴን ፈልጌ ነበር። ግራጫ ነው፤ ሳትሸጡት አልቀራችሁም።»

«መምህር! እንዴት ከረሙ? እሱ መቼ ይሸጣል፤ ይኸውልዎ!» አለችና አውርዳ አለበሰቻቸው።

መምህሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ከበደኝ።»

«ጥሩ ገበር ገብቶበት ነው። ባለቤቴ ክር አይሰስትም።»

«ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት? በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃው በዛ፣ ፊደሉ አነሰ፣ አሁን ደግሞ ኮቴ ከበደ።» ወደ መስተዋቱ ዞሩ። «ቀጥ ብሎ ግን ይወርዳል! ይሄ ልጅ ሰፊ ነው።»

«ወዴት ነዎት በጠዋት?»

«ጡረታ ቢሮ። በሕይወት መኖሬን አይተው ሊያረጋግጡ።»

ሚሊሜትር ሲመለስ ብረቱ ላይ አሥር ኮት ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ክፍልፋይ እንጂ ቆጠራ አስቸግሮት አያውቅም።

«ግራጫው የት አለ?»

«መምህር ወሰዱት። ጡረታ ቢሮ ነኝ ብለው ሄዱ። ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

ጡረታ ቢሮው በር ላይ ባለፈው ወር የብረት መፈተሻ በር ተተክሏል፤ ካልሲ ውስጥ ያለ ሳንቲም ሳይቀር ይጮህበታል። ሚሊሜትር ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠ። ሚስቱ አንድ ነገር ቢያመው ነው ብላ ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ሱቁን ዘግታ ተከተለችው።

ሰልፉ ሁሉ በሕይወት መኖሩን ሊያስመሰክር የመጣ ሽማግሌና አሮጊት ነው። መምህሩ ከፊታቸው ሦስት ሰው ቀርቷቸዋል።

«መምህር! ይቁሙ! ኮቱን ያውልቁልኝ!»

«እንዴ ሚሊሜትር! አምሮብኛል አይደል?»

«ስፌት ስቻለሁ፤ ላስተካክለው።»

«ስንት ስተህ ነው?»

«ሁለት… ሁለት ሚሊሜትር።»

መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለሁለት ሚሊሜትር ነው እንዲህ የምታለከልከው? በክፍልፋይ ስጥልህ እንኳ እንዲህ አልሮጥክም! ብርድ ነው ልጄ፣ ከገባሁ በኋላ ትወስደዋለህ።»

«አንተ፣ ተራ ያዝ!» አለች ከኋላ አንዲት አሮጊት። «እኛም በሕይወት አለን!»

ሁለት ሰው ቀረ። ሚሊሜትር ዞር ሲል ሚስቱ ከመንገዱ ማዶ እየተሻገረች ነው። አፉን ከከፈተ ሽጉጧን እንዳልመለሳት ታውቃለች፤ ሻንጣዋም ወደ እህቷ ቤት ይሄዳል። አፉን ከዘጋ ሰባ ሁለት ዓመት ዝንብ ያላስቀየሙ ሰው በሽጉጥ ይያዛሉ። ለሰው ይሄ ምርጫ አይባልም። ሚሊሜትር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመደ። ይቺን እርምጃ እሱ እስከ ዛሬ ይክዳታል። ሚስቱ ግን መንገዱ መሃል ሆና አይታታለች።

አንድ ሰው ቀረ። መምህሩ ለፈታሹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና ሰጡት። ያን ጊዜ ነው ሚሊሜትር የጮኸው።

«ሽጉጤ ኮታቸው ውስጥ ነው! የእኔ ናት! እሳቸው አያውቁም!»

ሰልፉ በአንዴ ተበተነ። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ዱላ ተደግፎ የመጣ ሁሉ ዱላውን ትቶ ሮጠ። መምህሩ ሳይታዘዙ እጃቸውን አነሱና፣ «ለካ ይሄ ነው የከበደኝ» አሉ።

ፈታሹ ጠጋ አለ። «የታለች?»

«ገበሩ ውስጥ።»

«አውጣት!»

«አትወጣም። ተሰፍታለች።»

«ሽጉጥ… ሰፋህ?»

«በስውር ስፌት» አለ ሚሊሜትር። እዚያ ላይ ቆሞም ሙያውን ማድነቅ አልተወም። «መቀስ ካገኘሁ…»

ፈታሹ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየው። ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። የሚሊሜትርን መቀስም ከኪሱ አውጥቶ ወሰደበት። እንዲህ ሆነው ሲፋጠጡ ሚስቱ በመሃላቸው ገባች። የሥራ መታወቂያዋን አሳየችና ከቦርሳዋ የቁስል ስፌት የምታወጣባትን ቀጭን መቀስ አወጣች። የፈታሾቹ አለቃ አያትና እጁን አወረደ።

መምህሩን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። «አይዞዎት መምህር፣ አያምም» አለች ከልማዷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስፌቱን አንድ በአንድ እየበጠሰች ታወጣ ጀመር፤ ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ ባልዋን አንዴም ሳታየው። የሸሹት ሁሉ ተመልሰው ከበቧት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሽጉጧ ወጣች። ሠላሳ ስምንት ላይ ካዝናው ከነጥይቱ ወጣ፤ ተከትሎ የመቀሱ ስለት ተንሸራቶ ወደቀ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ ፈታሹ።

«ኮቱ እንዳያዘም…» አለ ሚሊሜትር።

ተራ ያዝ ያለችው አሮጊት ሳቋን ስትለቅ ግቢው ሁሉ ተከተላት። መምህሩ ተነሥተው ኮታቸውን ነቅነቅ አደረጉና፣ «ቀለለኝ! ስንት ቀን ልኖር እንደሆነ እያሰላሁ እኮ ነው የመጣሁት!» አሉ።

ፖሊሶች ሚሊሜትርን ሲወስዱት ሚስቱ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ከተተች። «ሽጉጧን ብቻ ብትደብቀኝ እቆጣህ ነበር» አለችው። «ወደ ኋላ ስትራመድ ግን አየሁህ።» ማታ ቃሉን ሰጥቶ፣ ተለቆ ቤት ሲገባ ሻንጣዋ ከቁም ሳጥኑ ላይ የለችም።

ሽጉጧ ተወረሰች፤ ፈቃዱም ተሰረዘ። ስሙ አደገ፤ አሁን ሰፈሩ በጥይቷ ልክ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው የሚለው። ፀጉር ቤት ሲገባ ሁሉም ተነሥቶ እጁን ወደ ላይ እያነሳ ወንበር ይለቅለታል። የፈለገው ክብር በመጨረሻ ደረሰለት። ደላላው መጥቶ «ወንድ መስለኸኝ ነበር» ብሎ ሲዘልፈው ካዝናው በሱሪው ወርዶ ጫማው ላይ ጠብ አለ። ማንሳት ስላፈረ እንደቆመ ቀረ።

የተሰቀሉት ኮቶች ባለቤቶችም መጡ። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት የጠፉ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥሩም መጡ። እያንዳንዱ ኮቱን ከመልበሱ በፊት እንደ ፈታሽ ደባብሶ፣ ጠርዙን ጨምቆ፣ አራግፎ ወሰደ። መምህሩም ገበሩን መልሶ ሲሰፋላቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእጁ አልነቀሉም። «አምንሃለሁ ልጄ» አሉት፤ ሳይነሱ። ብረቱ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሚሊሜትር ጋ ልብስ ጥሎ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቆሞ ያሠራል፣ ይዞ ይሄዳል።

በየማታው የሚስቱ እህት ቤት በር ላይ ሄዶ ይቆማል። እህትየው በመስኮት «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ!» ትለዋለች። ይስቁበታል፤ ይመለሳል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ገባች። ነጭ ጋወኗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ኪሱ ተቀዷል።»

«ምን ትይዢበታለሽ?»

«መቀስ።»

ሚሊሜትር ኪሱን አገላበጠ። «ተቀመጪ፤ አሁን እጨርሰዋለሁ።»

«ነገ እወስደዋለሁ።»

«ቆመሽ አትጠብቂም? ሰው ሁሉ…»

«ነገ አልኩህ።»

«ቤትስ?» አለ፤ ድምፁ እንደ ላላ ክር።

በሩ ላይ ዞር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ገና እየለካሁህ ነው» አለችና ወደ እህቷ ቤት በሚወስደው መንገድ ሄደች።

ኪሱን ሰፍቶ ጋወኑን ባዶው ብረት ላይ ሰቀለው። ትንሽ ወደ ግራ አዘመመ። ሚሊሜትር እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበውና እንዳዘመመ ትቶት መብራቱን አጠፋ።